ለቤተሰቡ የመጀመሪያ ለሆነ ተማሪ የቆመ ቢሮ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

በአሜሪካ የሚገኙ በርካታ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ኖቬምበር 8 ቀን፣ ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገቡ ተማሪዎችን ያከብራሉ። እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ዕለት፣ እነዚህንና ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎችን የሚደግፈውን ፕሮግራም ሲያከብር፣ ከዓመታት በፊት ፕሮግራሙ ያቀፈኝ የቀድሞ ተማሪ በመሆኔ ተጋብዤ ከእናቴ ጋር ተገኝቼ ነበር። በዝግጅቱ መካከል መድረኩን የምትመራው ሴት፣ ወላጆቻቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ያልያዙ ሁሉ ከመቀመጫቸው እንዲነሱ ጠየቀች። ተማሪዎቹ እንደሚነሱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር አንድ የሒሳብ መምህር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ የገንዘብ ድጋፍ ክፍል ሠራተኛዋና ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ዲኖች አብረው ተነሱ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እነዚህም?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄዋ ነው፤ ምክንያቱም እኔ በተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ እናቴ መንገዱን የማናውቅ እኛ ብቻ እንደሆንን ታምን ነበር፤ እኔም ፕሮግራሙ እስኪያገኘኝ ድረስ እንዲሁ አምን ነበር።

ቀኑ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን የፈረሙት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 1965 ሲሆን፣ የፈረሙትም በዋሽንግተን ሳይሆን ራሳቸው በተማሩበት፣ በቴክሳስ የሳን ማርከስ ከተማ በሚገኘው ኮሌጅ ነበር። ጆንሰን በወጣትነታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ ድሃ ልጆችን አስተምረዋል። ሕጉን በፈረሙበት ዕለት ባደረጉት ንግግርም የእነዚያን ልጆች ፊት እንደማይረሱት ገልጸው፣ ከድህነታቸው የተነሳ ኮሌጅ ለሁሉም ማለት ይቻላል ዝግ መሆኑን ሲረዱ የተሰማቸውን ሕመም አስታውሰዋል። ከዚህ ሕግ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1964 ድህነትን ለመዋጋት በወጣው ሕግ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጀው አፕዋርድ ባውንድ መሠረት ተጥሎለት ነበር፤ የ1965ቱ ሕግ ታለንት ሰርች የተባለውን ጨመረ፤ በ1968 ደግሞ ኮሌጅ ከገቡ በኋላ ተማሪዎቹን የሚደግፈው፣ ዛሬ ስቱደንት ሰፖርት ሰርቪስስ የሚባለውና እኔንም ያቀፈኝ ሦስተኛው ተከተለ። ሦስት ስለነበሩ በአንድነት «ትሪዮ» ተባሉ፤ በኋላ ሌሎች ቢጨመሩም ስሙ እንደዚያው ቀርቷል። ከተጨመሩት አንዱ፣ ተማሪዎችን ለዶክትሬት ትምህርት የሚያዘጋጀው፣ በ1986 በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ ሕይወቱ ባለፈው የፊዚክስ ሊቅና የጠፈር ተመራማሪ በሮናልድ ማክኔር ስም የተሰየመ ነው።

ፕሮግራሙ ማንን እንደሚቀበል በሕግ የተወሰነ ስለሆነ፣ ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ወላጆች ቢያውቁት ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ስቱደንት ሰፖርት ሰርቪስስ ከሚያቅፋቸው ተማሪዎች ቢያንስ ሁለት ሦስተኛዎቹ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ አለዚያም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውና በዚያው ላይ ከቤተሰባቸው የመጀመሪያ የሆኑ መሆን አለባቸው፤ የቀሩት ከእነዚህ መስፈርቶች አንዱን ቢያሟሉ ይበቃል። ገቢው ዝቅተኛ ነው የሚባለው፣ ባለፈው ዓመት ግብር የተሰላበት የቤተሰቡ ገቢ መንግሥት ካወጣው የድህነት መለኪያ 150 በመቶ ያልበለጠ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ የሚባለው ደግሞ ወላጆቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ያልያዙ፣ ያደገው ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ከሆነም ያ ወላጅ ዲግሪ ያልያዘ ተማሪ ነው። ይህ ትርጉም ብዙ ሰው ከሚገምተው ይሰፋል። አባቱ ኮሌጅ ጀምሮ ያቋረጠ፣ እናቱም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ብቻ የጨረሰች ልጅ በሕጉ መሠረት የመጀመሪያ ትውልድ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች «ወላጆቼ የተማሩ ናቸው» ብለው ሳያመለክቱ ይቀራሉ። የአገሪቱ ዜጋ መሆንም ግዴታ አይደለም፤ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪም ይገባዋል።

እኔ ኮሌጅ ስገባ አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ እናቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ተቋም በሌሊት ፈረቃ ትሠራ ነበር። ያላቸውን ሁሉ ሰጥተውኛል። ዩኒቨርሲቲ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ግን እነርሱም አያውቁምና ሊያካፍሉኝ አይችሉም ነበር። ከፕሮግራሙ ቢሮ የመጣልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ስለነበረኝ፣ «ድጋፍ» የሚለው ቃል ለደካሞች የተዘጋጀ ነገር መስሎ ተሰማኝ፤ ከዚህም በላይ እኛ ቤት ችግርን ለውጭ ሰው መናገር ነውር ነበር። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በሌላ ቦታ ስንት መልካም ጠባይ እንደሚያስተምር አውቃለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን አንድን ልጅ ጥያቄውን እንደዋጠ እንዲወድቅ ሊያደርገው ይችላል። እኔን ወደዚያ ቢሮ የወሰደኝ የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ነው፤ ከመቶ 41 አገኘሁ፤ ያን ሳምንትም ትምህርቱን በሙሉ ለማቋረጥ ቆርጬ ነበር።

የተቀበለችኝ አማካሪ ስለ ፈተናው ቀድማ አልጠየቀችኝም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምሠራ፣ የት ሆኜ እንደማጠና፣ ለወላጆቼ ደብዳቤ የሚያነብላቸው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሦስተኛውን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። የባንኩን፣ የሐኪም ቤቱን፣ የግብሩን፣ የትራፊክ ቅጣቱን ወረቀት የማነብና የምተረጉም እኔ ነበርኩ፤ ይህም እንደ ሥራ የሚቆጠር፣ ሰዓት የሚበላ ነገር መሆኑን ለራሴ እንኳ አምኜ አላውቅም ነበር። ቀጥላ የተመዘገብኩባቸውን ኮርሶች አውጥታ አንድ ቀላል ስሌት አሳየችኝ። ለገንዘብ ድጋፍ ሲባል «የሙሉ ጊዜ ተማሪ» የሚያሰኘው በአንድ ሴሚስተር 12 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት የሚለካበት ነጥብ) መውሰድ ነው፤ ዲግሪ ለመያዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። ስምንት ሴሚስተር በአሥራ ሁለት ቢባዛ 96 ይሆናል። «ሙሉ ጊዜ እየተማርኩ ነው» ብሎ አራት ዓመት በትጋት የተጓዘ ተማሪ በመጨረሻው 24 ክሬዲት ይጎድለዋል፤ ይህም ሁለት ተጨማሪ ሴሚስተር ማለት ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጎማ ደግሞ በሕይወት ዘመን ከ12 ሴሚስተር በላይ አይሰጥም።

ይህን ማንም አልደበቀኝም፤ ሁሉም በመመሪያው ውስጥ ተጽፏል። ነገር ግን ወላጁ ዲግሪ ያለው ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ በጨዋታ መካከል የሚሰማውን፣ እኔ እንደሚፈለግ እንኳ ሳላውቅ ከመቶ በሚበልጡ ገጾች መካከል ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ። አማካሪዬ በአንድ ጊዜ 15 ክሬዲት እንድወስድ አላስገደደችኝም፤ ሥራዬን ስለምታውቅ ጉድለቱን በክረምት ኮርሶች የምንሞላበትን ዕቅድ አብረን አወጣን። ኮርሶቼን ሁሉ ላቋርጥ መሆኔን ስነግራትም፣ የገንዘብ ድጋፉ እንዲቀጥል ከጀመርኳቸው ክሬዲቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ማጠናቀቅና አማካይ ውጤቴን ቢያንስ 2.0 ላይ ማቆየት እንዳለብኝ አስረዳችኝ። ኬሚስትሪውን ብቻ፣ ያውም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ማቋረጥ ይቻላል፤ ሁሉንም ማቋረጥ ግን የሚቀጥለውን ዓመት ገንዘብ ጭምር ማቋረጥ ነው። በዚያ ሳምንት ይህን የሚነግረኝ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንደ ተመራቂ አይሆንም ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ለብዙ አንባቢ ቀላል ቢመስልም ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደኝ እርሱ ነበር። እያንዳንዱ መምህር በኮርሱ መግለጫ ላይ «ኦፊስ አወርስ» የሚል ሰዓት ይጽፋል። እኔ ይህ መምህሩ የራሱን ሥራ የሚሠራበት፣ ስለዚህም ፈጽሞ መረበሽ የሌለበት ሰዓት ይመስለኝ ነበር። ትርጉሙ ተቃራኒው መሆኑን፣ ሰዓቱ ለተማሪ ጥያቄ የተመደበ መሆኑን የነገረችኝ አማካሪዬ ናት፤ ከነገረችኝም በኋላ አልሄድኩም። በሳምንቱ ስትሰማ ኮቷን አነሳችና እስከ መምህሩ በር ድረስ አብራኝ ሄደች፤ በሩን ያንኳኳሁት ግን እኔ ነኝ፤ እርሷ ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማ ጠበቀችኝ። ኬሚስትሪውን ሳላቋርጥ ጨረስኩት። መምህሩ በኋላ ለማስተርስ ትምህርቴ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈልኝ።

ስለ ገንዘቡም መናገር አለብኝ። የፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2026 ባሉት የትምህርት ዘመናት በዓመት 7,395 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ገንዘቡ አለ፤ ሕጉም ይፈቅደዋል። ይሁን እንጂ ወረቀቱን በትክክል መሙላት ለማይችል ቤተሰብ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ማመልከቻዬ ለማጣራት ተመርጦ ክፍያው ታገደ። አባቴ በታክሲ የሚያገኘው ገቢ እንደ ግል ሥራ ስለሚቆጠር የተጠየቁት ሰነዶች ብዙ ነበሩ፤ የመጣው ደብዳቤ የትኛው እንደጎደለ በግልጽ አይናገርም፤ ስንደውልም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ያስተላልፉናል። ምዝገባዬ ሊሰረዝ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አማካሪዬ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ደወለች፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የጎደለው አንድ የግብር ማረጋገጫ ብቻ መሆኑ ታወቀ። አባቴ በዚያ ሰሞን ታክሲውን ሊሸጥ ሰው አነጋግሮ እንደነበር የሰማሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው።

የእኔ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ነው ለሚል ግን ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ አለ። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ኤሳፕ የተባለ ፕሮግራም በሁለት ዓመት ኮሌጆቹ ጀመረ። ፕሮግራሙ ተማሪዎቹ በሙሉ ጊዜ እንዲማሩ ይጠይቃል፤ በምላሹም ድጎማው ያልሸፈነውን የትምህርት ክፍያ ይሞላል፣ የመጻሕፍት ወጪ ያግዛል፣ የከተማ ትራንስፖርት ካርድ ይሰጣል፤ ከሁሉም በላይ አንድ አማካሪ ከ60 እስከ 80 ተማሪዎችን ብቻ እንዲይዝ ያደርጋል። በእነዚያው ኮሌጆች ከፕሮግራሙ ውጭ የነበሩት ተማሪዎች አንዱን አማካሪ ቢያንስ ለ600 ይጋሩ ነበር። ኤምዲአርሲ የተባለው የጥናት ተቋም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና የማጠናከሪያ ኮርስ የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከፕሮግራሙ ተማሪዎች 40 በመቶው ሲመረቁ፣ ከሌሎቹ የተመረቁት 22 በመቶው ብቻ ነበሩ። በዕጣ የተለዩ ስለሆነ «ጎበዞቹን መርጠው ነው» ማለት አይቻልም። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ተማሪ ተጨማሪ ወጪ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ብዙ ተማሪ ስላስመረቀ ለአንድ ዲግሪ የወጣው ገንዘብ ሲሰላ ከተለመደው አሠራር አንሶ ተገኝቷል። በኋላም በኦሃዮ በሦስት ኮሌጆች ተሞክሮ የተመራቂዎችን ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ጨምሯል።

እነዚህን ቁጥሮች ባነበብኩ ቁጥር ወደ አማካሪዋ እመለሳለሁ። መጽሐፉም የትራንስፖርት ካርዱም ይረዳል፤ ነገር ግን 60 ተማሪ የያዘ ሰው የእያንዳንዱን ስም ያውቃል፤ ተማሪው ሁለት ሳምንት ከቀረ ይደውላል። 600 የያዘ ሰው ቅን ቢሆን እንኳ የመጣውን ከማስተናገድ በቀር የቀረውን ሊፈልግ አይችልም። የሚጠፉት ደግሞ የማይመጡት ናቸው።

ፕሮግራሙን የሚነቅፉ ሰዎች ለአንዳንዶች ብቻ የሚደረግ ማዳላት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከልም ልጆቻቸው መስፈርቱን በጥቂት ዶላር ያለፉ ወላጆች ቅሬታ እንዳላቸው አውቃለሁ። ቅሬታቸውን አከብራለሁ፤ የገቢ ወሰን የትም ይቀመጥ የት፣ ከወሰኑ በላይ የሚቀር ችግረኛ አይጠፋም። ሆኖም ፕሮግራሙ ለተማሪው ውጤት አይሰጠውም፤ ፈተናውን የሚፈተነው ራሱ ነው፤ ዲግሪውም የሚጠይቀው ክሬዲት ለሁሉም አንድ ነው። የሚሰጠው ሌላው ተማሪ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ዕውቀት ነው። ወሰኑን በጥቂቱ ላለፉት ልጆች የሚበጀውም ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ዓይነት ምክር ለሁሉም ተማሪ በሚያደርስ ደረጃ አማካሪ እንዲቀጥሩ መጠየቅ ነው እንጂ፣ ያለውን ቢሮ መዝጋት አይደለም።

ያለው ቢሮም ቢሆን በአስተማማኝ መሠረት ላይ የቆመ አይደለም። የትሪዮ ፕሮግራሞች ሁሉ በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት የተመደበላቸው 1.19 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከ800,000 በላይ ሰዎችን ያገለግላሉ፤ መስፈርቱን ከሚያሟሉት ሁሉ አንጻር ሲታይ ግን የሚደርሱት ለጥቂቶቹ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲዎቹ በየአምስት ዓመቱ ተወዳድረው ሲሆን፣ ኮንግረስም በጀቱን በየዓመቱ ማጽደቅ አለበት። በ2025 ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ለኮንግረስ የቀረበው የ2026 የበጀት ሐሳብ የትሪዮን ገንዘብ ከነጭራሹ የሚያስቀር ነበር። እነዚህ አማካሪዎች የራሳቸው ሥራ በሚቀጥለው ዓመት መኖሩን ሳያውቁ፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የአራት ዓመት ዕቅድ ያወጣሉ። የእኔ አማካሪ ለ19 ዓመታት በዚያው ቢሮ አገልግላለች፤ በ19ኙም ዓመታት ደመወዟ የተከፈለው ከጊዜያዊ ገንዘብ ነው። በበዓሉ ዕለት ለተማሪዎቹ የተጨበጨበው ጭብጨባ ተገቢ ነበር፤ እርሷ ግን በሩ አጠገብ ቆማ የመጡትን ትመዘግብ ስለነበር ስሟ ሳይጠራ ፕሮግራሙ አለቀ። በዚህ አዝኛለሁ። ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን ሠራተኞች ከራሳቸው ቋሚ በጀት ቢቀጥሯቸው፣ በዓሉን ከማክበር የሚበልጥ ክብር ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻም ዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው ነገር አለኝ። የፌዴራል የትምህርት ድጎማ ማመልከቻ የሆነው ፋፍሳ በተለመደው ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ገጽ ለወላጆች መድባችሁ፣ ማመልከቻው ከወላጅ ምን እንደሚጠይቅ፣ የመጀመሪያ ትውልድ ተማሪ ማለት ማን እንደሆነ፣ በአሥራ ሁለትና በአሥራ አምስት ክሬዲት መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሚያስከትል፣ ልጁ የገባበት ኮሌጅ ይህን መሰል ቢሮ እንዳለው እንዴት እንደሚጠየቅ በአማርኛ ብታትሙ፣ ወረቀቱን ልጆቻቸው እስኪተረጉሙላቸው ከመጠበቅ ራሳቸው አንብበው ይረዱታል። ጽሑፉን በማዘጋጀቱ ሥራ እኔም ሆንኩ በዚያ ፕሮግራም ያለፍን ጓደኞቼ በነጻ ለማገዝ ፈቃደኞች ነን። እናቴ ደግሞ አስቀድማ የምታነበውና ያልገባትን የምታሰምርበት እርሷ እንደምትሆን ነግራኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ